ከሞተሩ እግር ሥር

ቨርጂኒያ ውስጥ ስካይላይን ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን ከመሬት በላይ ያለው ነው። በሊስበርግ ፓይክና በጆርጅ ሜሰን ድራይቭ ዳር የቆሙት ረጃጅም ሕንፃዎች፣ አጠገባቸው ያሉት የአበሻ ሱቆች፣ ቡና ቤቶቹ፣ ቅዳሜ ከሰዓት መኪና ማቆሚያ የሚታጣበት ግቢ። እኔ የምጽፈው ከዚያ ሁሉ በታች ስላለ ክፍል ነው። እያንዳንዱ ረጅም ሕንፃ አንድ ቦታ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከምድር በታች፣ የፓምፕ ክፍል አለው። ውሃ ከሃያ ፎቅ በላይ የሚወጣው፣ በነሐሴ ወበቅ ክፍሉ የሚቀዘቅዘው፣ በጥር ብርድ የሚሞቀው እዚያ በተተከሉ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ጉልበት ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያ ስላለው ኢትዮጵያዊ ሲወራ ታክሲው፣ ፓርኪንጉ፣ ሆስፒታሉና ምግብ ቤቱ ይነሣል። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ በየሕንፃው ምድር ቤት ቦይለርና ፓምፕ የሚጠብቁ ወገኖቻችን ግን እምብዛም አይነሡም። ሥራቸው በደንብ ሲሠራ አይሰማም፤ የሚሰማው ሲበላሽ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ሞተር ሲተክሉ አጠገባቸው ቆሜ የማየት ዕድል አግኝቼ፣ ያየሁትን ሳልጽፍ መቅረት አልሆነልኝም።

ስማቸውን አልጠራም፤ ረዳታቸው እንደሚላቸው «ጋሼ» ልበላቸው። የተማሩት ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ነው። መስመር ማስያዝን፣ ማለትም የሞተሩን ሻፍትና የፓምፑን ሻፍት አንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ማምጣትን፣ የለመዱት ወንጂ ነው፤ በ1946 ዓ.ም. በሆላንዱ ኤች ቪ ኤ በተቋቋመው ስኳር ፋብሪካ። የዚያን ቀን የሚቀይሩት ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ፎቆቹ የሚገፋ ፓምፕ ሞተር ነበር። 40 የፈረስ ጉልበት፣ 460 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ በደቂቃ 1775 ዙር። የስም ሰሌዳው ላይ ፍሬሙ 324ቲ ይላል። ጋሼ ይህን አይተው ወዲያው «ስምንት ኢንች» አሉ። በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር የፍሬሙ የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች ለአራት ሲካፈሉ ከእግሩ መርገጫ እስከ ሻፍቱ መሐል ያለውን ከፍታ በኢንች ይሰጣሉ፤ 32 ለ4፣ 8። ሞተሩ ከሣጥኑ ሳይወጣ መቀመጫው ላይ ይገጥም እንደሆነ አወቁ ማለት ነው።

የመጀመሪያው መሣሪያቸው ጓጉንቸር ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ዘግቼዋለሁ እኮ» አላቸው ረዳታቸው፣ ወደ ብሬከሩ እያመለከተ።

«ዘግተኸዋል። ቆልፈኸዋል ወይ?»

ልጁ ቀዩን ጓጉንቸር ከኪሱ አውጥቶ ብሬከሩ እጀታ ላይ አስገባ፤ ስሙ የተጻፈበትን ካርድ አንጠለጠለ፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ጋሼም የራሳቸውን ጓጉንቸር በዚያው መያዣ ላይ ጨመሩ። ለአንድ ብሬከር ሁለት ጓጉንቸር ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሁለት ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ሁለት ሕይወት አለ። አንዱ ጨርሻለሁ ብሎ የራሱን ቢያነሣ እንኳ የሌላው እንደተቆለፈ ይቆያል። በአሜሪካ ይህ ሥርዐት በሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በኦሻ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ሕግ ነው። ጋሼ ግን እንደ ሕግ አይሠሩትም። ቁልፉን ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ኪሳቸውን ከላይ በመዳፋቸው መታ ያደርጉታል። ሥራው እስኪያልቅ ይህን ደጋግመው ሲያደርጉት አይቻለሁ።

ቀጥሎ ያየሁት ነገር ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። ጋሼ መለኪያቸውን በመጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው የታወቀ ሶኬት ላይ አኖሩት፤ አነበበ። ከዚያ የሞተሩን ሦስት ፌዞች እርስ በርስ፣ እያንዳንዱንም ከምድር ጋር ለኩ፤ ዜሮ። ከዚያ ወደ ሶኬቱ ተመልሰው እንደገና ለኩ፤ አነበበ። ባትሪው ያለቀ ወይም ገመዱ የተበጠሰ መለኪያም ዜሮ ያሳያልና፣ መለኪያው ከፊትም ከኋላም በሕይወት መኖሩ ካልተረጋገጠ በመሐል ያሳየው ዜሮ ምንም አይነግረንም። ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ኢንቨርተርም ነበረ። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ለደቂቃዎች ገዳይ ቮልት ይዘው ይቆያሉ። ስንት ደቂቃ መጠበቅ እንደሚገባ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል፤ ጋሼ ሰዓታቸውን አይተው ቆሙ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ውሃውን ዘጉ። ከፓምፑ በፊትና በኋላ ያሉት ቫልቮች ተዘግተው በሰንሰለት ተቆለፉ፤ በመካከል የቀረው ግፊት ተነፈሰ። ከላይ የሚመለስ ውሃ ፓምፑን ሊያሽከረክረው ይችላል፤ ያን ጊዜ ሻፍቱ ላይ ያለ እጅ አይተርፍም።

አሮጌው ሞተር በቼይን ብሎክ ሲነሣ፣ ከሥሩ የወጣው ነገር አሳዘነኝ። ከዚህ በፊት የተከለው ማንም ይሁን ማን፣ ከእግሮቹ ሥር በመቀስ የተቆረጡ የላሜራ ቁራጮች ደርድሯል። ጠርዛቸው ተጠማዟል፣ አንዳንዱ ዝጓል፣ አንዱ ቀለም እንደተቀባ ነው። ከአንድ እግር ሥር ስድስት፣ ከሌላው ሥር ሁለት። ከላይ ሲታይ ያ ሞተር ንጹሕ ቀለም የተቀባ፣ ቡሎኖቹ ጥብቅ ያሉ ነበር። የመጥፎ ሥራ ክፋቱ ይህ ነው፤ የሚደበቅበት ቦታ አለው።

ጋሼ ምንም አልተናገሩም። ሞረድ አንሥተው አራቱን የመቀመጫ ቦታዎች ማጽዳት ጀመሩ። ቀለሙን ፋቁት፣ ዝገቱን አነሡት፣ በማሟሟያ ፈሳሽ ጠረጉት፣ ከዚያ በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱት። ዓይን የማያየውን ስንጥር ጣት ያገኘዋል። ቀጥ ያለ ብረት ከአንዱ መቀመጫ ወደ ሌላው ዘርግተው ከሥሩ ፊለር ጌጅ፣ ማለትም ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት፣ ለማስገባት ሞከሩ። የአዲሱን ሞተር እግሮችም ገልብጠው እንዲሁ መረመሩ፤ ከፋብሪካ የመጣ ቀለም እንኳ ከእግሩ ሥር ከተወፈረ ይቆጠራልና። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ሌላ ሰው በዚያ ጊዜ ሞተሩን አስቀምጦ፣ ቡሎኑን አጥብቆ፣ አስነሥቶት ሄዷል።

አሁን የሥራው ልብ ወደሆነው ነገር ልምጣ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ሶፍት ፉት የሚሉት፣ እኛ የላላ እግር ልንለው የምንችለው ጣጣ ነው። ሦስት ጉልቻ መቼም አይወላገድም፤ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆን እንኳ ሦስቱም ይረግጣሉ። አራተኛ ጉልቻ ሲጨመር አንዱ አየር ላይ ሊቀር ይችላል። ሞተር አራት እግር አለው። አንዱ እግር ከመቀመጫው በፀጉር ውፍረት ቢርቅ ቡሎኑ ሲጠብቅ እግሩ ወደ ታች ይሳባል፤ እግሩ ሲሳብ የሞተሩ አካል ይጣመማል። በዚህ ዓይነት ሞተር ውስጥ በሚዞረው ሮተርና በቆመው ስታተር መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጠባብ ነው። አካሉ ሲጣመም ክፍተቱ በአንድ ወገን ይጠብባል፤ ማግኔቱ ወደዚያ ወገን ይስባል፤ ሞተሩ ከመስመሩ ድግግሞሽ እጥፍ በሆነ ምት፣ በ60 ኸርዝ አገር በሰከንድ 120 ጊዜ፣ መንዘር ይጀምራል። ሰው ይህን ድምፅ ሰምቶ ኩሽኔታው ነው ይላል፤ ኩሽኔታ ይቀየራል፤ ድምፁ ይመለሳል። ችግሩ ያለው ከእግሩ ሥር ነው።

ጋሼ የሚፈትሹት እንዲህ ነው። አራቱም ቡሎኖች ይጠብቃሉ። ባለ መርፌው መለኪያ፣ ዳያል ጌጁ፣ አንደኛው እግር ላይ ይቆማል፣ መርፌው ዜሮ ላይ ይደረጋል፣ ከዚያ የዚያ እግር ቡሎን ብቻ ይላላል። መርፌው ከኢንች ሁለት ሺኛ በላይ ከተነሣ ያ እግር ላላ ነው። ቡሎኑ እንደገና ይጠብቃል፣ ወደ ቀጣዩ እግር ይኬዳል። ሦስተኛው እግር ላይ መርፌው ወደ ሰባት ሄደ። ረዳቱ ወዲያው የሰባት ሺኛ ሺም፣ ማለትም ከእግር ሥር የሚገባ ስስ ብረት፣ ለማውጣት ተንቀሳቀሰ፤ ጋሼ በእጃቸው አስቆሙት። ፊለር ጌጃቸውን በእግሩ አራት ማእዘን ዙሪያ አስገብተው ሞከሩ። በውጭ ጠርዙ ሰባት ገባ፤ በውስጠኛው ጠርዝ ምንም አልገባም። እግሩ ዘሟል ማለት ነው። ጠፍጣፋ ሺም ቢገባበት ውስጠኛው ጠርዝ የበለጠ ይነሣና ስሕተቱ ይብሳል። ጋሼ ከውጭ ጠርዝ ወደ ውስጥ እያጠሩ የሚሄዱ ስስ ሺሞችን እንደ ደረጃ ደራርበው ጉድለቱን ሞሉት። እንደገና ለኩ፤ መርፌው አንድ ሺኛ ብቻ ተነቃነቀ። ይህን ሲያደርጉ በፊታቸው ላይ ያየሁት ትኩረት ጸሐፊ ጥሩ ዐረፍተ ነገር ሲፈልግ የሚኖረው ዓይነት ነው። አክብሬያቸው ነው የማወራው።

ስለ ሺሞቹ ትንሽ ልጨምር፤ ጥቃቅን ነገር ቢመስልም የዕደ ጥበቡ ጠባይ እዚህ ይታያል። የማይዝግ ብረት ናቸው፤ የፓምፕ ክፍል እርጥብ ነውና። ከአንድ እግር ሥር ከአራት በላይ አይደረብም፤ ብዛት ያለው ድርብ እንደ ስፕሪንግ ይሆናል። ስሶቹ በወፍራሞቹ መካከል ይገባሉ፤ ብቻቸውን ከላይ ቢሆኑ ይጨማደዳሉ። ላያቸው ላይ የታተመው ቁጥር አይታመንም፤ ጋሼ እያንዳንዱን በማይክሮ ሜትር ይለካሉ።

ከሺሙ ሥር መቀመጫው ብረት አለ፤ ከብረቱ ሥር ግራውት የሚባለው መሙያ ሲሚንቶ፣ ከግራውቱ ሥር ኮንክሪት። አዲስ መቀመጫ ሲተከል የሚፈሰው ግራውት ጥንካሬውን እስኪይዝ የሚፈልገው ጊዜ አለ፤ በጥሪና በቁጣ አያጥርም። ይህን ስካይላይን ላይ ቆሞ መናገር ይከብዳል። ቦታው ቀድሞ ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ሕንፃዎቹ በሚሠሩበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 1973፣ ስካይላይን ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ወደ ማለቂያው ፎቅ ተቃርቦ ሳለ መካከሉ ከላይ እስከ ታች ተናደ፤ 14 ሠራተኞች ሞቱ። ምርመራው የደረሰበት ምክንያት ኮንክሪቱ ገና ሳይጠነክር የድጋፍ ምሰሶዎቹ መነሣታቸው ነው። በላይኛው ፎቅ ያልደረሰ ኮንክሪት ሸክም ተጫነበት፣ ያ ወለል ሲወድቅ የታችኛውን ይዞ ወረደ። እነዚያ ሠራተኞች የሞቱበት ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው ለግራውት ቀናት እንደሚጠብቅ ሳስብ፣ ትዕግሥቱን ቀላል አድርጌ ማየት አልችልም።

ወደ መስመሩ እንመለስ። ሁለት ሻፍቶች ሁለት ዓይነት ስሕተት አላቸው። አንደኛው መሐላቸው ይበላለጣል፤ አንዱ ከፍ ወይም ወደ ጎን ያለ ነው። ሁለተኛው አንግል ይሠራሉ። ሁለቱም በቁመትም በአግድምም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ባለሙያው አራት ስሕተት በአንድ ጊዜ ያሳድዳል። ጋሼ ሌዘር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 የጀርመኑ ፕሩፍቴክኒክ ኦፕታላይን የተባለውን መሣሪያ ካወጣ ወዲህ ሥራው በሌዘር እየተሠራ ነው፣ በፍጥነትም በትክክለኛነትም የሚያህለው የለም። ረዳታቸውን ግን መጀመሪያ በዳያል ጌጅ ያሠሩታል። እኔም ልክ ናቸው እላለሁ፤ ሌዘር መልሱን ይሰጣል፣ ዳያል ጌጅ ግን ሰውየውን እንዲያስብ ያስገድደዋል።

ዳያል ጌጁ ከሞተሩ ሻፍት ጋር ታስሮ ጫፉ ሁለቱን ሻፍቶች ከሚያገናኘው ኮፕሊንግ የፓምፑን ግማሽ ይነካል። ላይ ሆኖ ዜሮ ይደረጋል። ሁለቱ ሻፍቶች አብረው እየዞሩ በቀኝ፣ በታች፣ በግራ ይነበባል። ልጁ አነበበ፤ ቀኝ 6፣ ታች 14፣ ግራ 8። ጋሼ በወረቀት ላይ ክብ ሥለው ቁጥሮቹን በየቦታቸው ጻፉ።

«ትክክል ነው?» አሉት።

«ጋሼ፣ በደንብ ነው ያነበብኩት።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ቁጥሩ ራሱ ምን ይላል?»

ልጁ ትንሽ ቆይቶ ደመረ። ላይና ታች፣ ዜሮና 14፣ 14 ነው። ቀኝና ግራ፣ 6ና 8፣ 14 ነው። ሁለቱ ድምሮች እኩል ሆኑ። መያዣው ካልላላ፣ ሻፍቱ ካልተንሸራተተ፣ አነባበቡ ካልተሳሳተ ሁልጊዜ እኩል ይሆናሉ፤ ካልሆኑ ወረቀቱ ተቀዶ እንደገና ይጀመራል። እኔ በዚህ ተደነቅሁ። ልኬቱ የራሱን እውነት መመስከሪያ ይዞ ይመጣል፤ ከዚህ በኋላ የሚጠየቀው ሰው ብቻ ነው። ከዚያም 14ቱ ለሁለት ይካፈላል፤ መርፌው የሚያሳየው የስሕተቱን እጥፍ ነው፤ ሌላ ነገር ባይኖር ልዩነቱ 7 ሺኛ ኢንች ነበር። ከመካፈሉ በፊት ግን የመያዣው ብረት በራሱ ክብደት የሚጎብጠው በሒሳቡ መታረም አለበት። ጋሼ ይህን ጉብጠት ቀደም ብለው በጠንካራ ቧንቧ ላይ ለክተው፣ መያዣው ላይ በቀለም ጽፈውታል።

የአንግሉ ሒሳብ ደግሞ የዚህ ሥራ ውበት ነው። በ4 ኢንች ኮፕሊንግ ፊት ላይ የ2 ሺኛ ክፍተት ልዩነት ካለ፣ ከዚያ 24 ኢንች ርቆ ባለው የኋላ እግር ሥር 12 ሺኛ ይጎድላል። የሦስት ማእዘን ምጣኔ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል የተማርነው። በትንሹ ቦታ ያለው ኢምንት ስሕተት በሩቁ እግር ይገዝፋል። ስለዚህ ጋሼ ሞተሩን በጉማጅ እንጨት እየገፉ፣ በመዶሻ እየመቱ «እስቲ አሁን» አይሉም። መዶሻ ኩሽኔታውን ከውስጥ ይጎዳል፤ በኳሶቹ መንገድ ላይ ጠባሳ ይተዋል። በአግድም የሚያንቀሳቅሱት መቀመጫው ላይ ባሉት ገፊ ቡሎኖች ነው፤ በጥቂቱ እየዞሩ፣ መርፌውን እያዩ። በዚህ ፍጥነት የሚዞር ሞተር ላይ ባለሙያዎች በጣም ጥሩ የሚሉት ልዩነቱ ከ2 ሺኛ ኢንች ሳይበልጥ፣ አንግሉም በአንድ ኢንች ከግማሽ ሺኛ ሳይበልጥ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአማካይ 3 ሺኛ ያህል ነው። ጋሼ የሚሠሩት ከፀጉር በታች ነው።

በዚህ ሙያ ውስጥ አንድ ውሸት አለ፣ በኢትዮጵያም በአሜሪካም ሰምቼዋለሁ፤ «ኮፕሊንጉ ጎማ አለው፣ ይችለዋል» ይባላል። ጎማው ይችል ይሆናል። የማይችሉት ከጎኑ ያሉት ናቸው። ስሕተቱን ጎማው ሲያጥፍ ያጠፈበት ኃይል ወደ ሁለቱ ሻፍቶች ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ኩሽኔታዎቹ፣ ከዚያ ወደ ፓምፑ «ሲል»፣ ማለትም ውሃው በሻፍቱ ዙሪያ እንዳይወጣ ወደሚያግደው መዝጊያ። መዝጊያው መንጠባጠብ ይጀምራል፣ ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፣ ግራሶው ይታጠባል። ጎማው ግን ደኅና ይመስላል። ኮፕሊንግ የተሠራው ባለሙያው ከደረሰበት በኋላ ለሚቀረው ጥቂት ስሕተት ነው፤ ያልሠራውን ሥራ እንዲሸፍንለት አይደለም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሆነው ነው። ሁሉም ልክ ከሆነ በኋላ ጋሼ ከአራቱም እግሮች ሥር እኩል ስስ ሺም አወጡ፤ ሞተሩን ሆነ ብለው ዝቅ አደረጉት። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ በጣታቸው ሒሳቡን በአየር ላይ ጻፉልኝ። ሞተሩ ሲሠራ ይሞቃል። ብረት በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከርዝመቱ ከመቶ ሺህ አንድ ያህል ያድጋል። ከእግር እስከ ሻፍት 8 ኢንች፣ ማለትም 203 ሚሊ ሜትር ነው። 30 ዲግሪ ቢሞቅ ሻፍቱ 0.07 ሚሊ ሜትር፣ ወደ 3 ሺኛ ኢንች ይነሣል። ፓምፑ ግን በውስጡ የሚያልፈው 7 ዲግሪ የሆነ ውሃ ነው፤ አይሞቅም፣ እንዲያውም ይሰበሰባል። ሞተሩ በብርዱ ሰዓት ልክ ከሆነ፣ በሥራው ሰዓት ከልክ ያልፋል። ሌሎች የቆመ ሞተር ያስተካክላሉ፤ ጋሼ የሚያስተካክሉት ከሦስት ሰዓት ሥራ በኋላ የሚኖረውን ሞተር ነው።

ቧንቧዎቹም በዚህ መሐል አልተረሱም። የፓምፑ ፍላንጅ ሲጠብቅ ዳያል ጌጁ ሻፍቱ ላይ እንደቆመ ነው። ቧንቧው ራሱ መጥቶ መግጠም አለበት፤ በቡሎን ተስቦ ከመጣ ፓምፑን ይዞት ይሄዳል፤ መርፌውም ይናገራል። አልተናገረም።

ኮፕሊንጉ ሳይገናኝ ሞተሩ ለአንድ አፍታ መነሣት ነበረበት፤ የሚዞርበት አቅጣጫ እንዲታይ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር ሆነ። መጀመሪያ በሜገር 500 ቮልት ተልኮ የጥቅሉ መከላከያ ተፈተነ። ቀጥሎ በሻፍቱ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጠው የብረት ቁልፍ ወጣ። ኮፕሊንጉ ሳይይዘው በ1775 ዙር የሚፈናጠር የብረት ቁራጭ ጥይት ነው። ሁለቱም ሰዎች ከሻፍቱ ፊት ገለል ብለው ቆሙ፤ ጓጉንቸሮቹ በባለቤቶቻቸው እጅ ተከፈቱ፤ ሞተሩ ተነክቶ ተለቀቀ። አቅጣጫው ተቃራኒ ነበር። እንደገና ተቆለፈ፣ እንደገና ሦስቱም ልኬቶች ተደረጉ፣ ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ። ማንም አልተጣደፈም። ለሁለት ሽቦ ሲባል መቆለፉን የሚያልፍ ሰው ስንት ጊዜ ይኖር ይሆን ብዬ አሰብሁ።

ይህ እውቀት ወደ አገር ቤትም ይሻገራል። ከዚህ ሞተር ገዝተው ለወፍጮ ወይም ለመስኖ የሚልኩ ወገኖች አሉና ጋሼ የሚሏቸውን እዚህ ላስቀምጥ። 460 ቮልት 60 ኸርዝ የሆነ ሞተር በኢትዮጵያ 380 ቮልት 50 ኸርዝ ላይ ይሠራል፤ 460ን ለ60፣ 380ን ለ50 ብታካፍሉ ውጤቱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፣ ማግኔቱም የሚፈልገው ይህን ምጣኔ ነው። ፍጥነቱና ጉልበቱ ግን ወደ አምስት ስድስተኛ ይወርዳል። የ40 ፈረስ ጉልበቱ 33 ይሆናል፤ 1775 ዙሩ ወደ 1475። ወፍጮው በቀድሞ ፍጥነቱ እንዲዞር ከተፈለገ የሞተሩ ፑሌጃ በዚያው ልክ ማደግ አለበት፤ ሸክሙ ደግሞ ከቀነሰው ጉልበት በላይ መሆን የለበትም። ከፍታም አለ። ሞተሮች የሚለኩት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ለሚሠሩበት ነው። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ናት፣ ደብረ ብርሃን ከ2800 አያንስም። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ተለቅ ያለ ሞተር መምረጥ ወይም ሸክሙን መቀነስ ይገባል። ደብረ ብርሃን ላይ የተቃጠለ ሞተር ሁሉ በፋብሪካው ጥፋት አልተቃጠለም።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ኃይሉ የሚተላለፈው በቺንጋ ነው። የገጠሩ ወፍጮ ተካይ ሁለቱን ፑሌጃዎች መስመር የሚያስይዘው በሲባጎ ነው። ሲባጎው በሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ላይ ይወጠራል፤ አራቱንም ጠርዞች አንድ ጊዜ መንካት አለበት። አንዱን ካልነካ ሞተሩ ዞሯል ወይም ወጥቷል። ይህ በመርሁ ከሌዘሩ አይለይም፤ ቀጥ ያለ መስመር ፈልጎ ብረቱን ወደ መስመሩ ማምጣት ነው። በጥንቃቄ ሲባጎ የሚወጥር ሰው በግድየለሽነት ሌዘር ከሚያበራ ሰው ይበልጣል። ቺንጋው ግን ሽፋን ያስፈልገዋል። እህል ይዘው የሚገቡ እናቶች ነጠላ ለብሰው ነው፤ ባዶ ቺንጋ ነጠላን ይይዛል፣ ነጠላ ደግሞ ሰውን ይዞ ይሄዳል። የላሜራ ሽፋን ዋጋው ከአንድ ኩሽኔታ ብዙ አይርቅም። ለወፍጮ ገንዘብ የምትልኩ ሁሉ ሽፋኑ ካልተሠራ ሞተሩ እንዳይነሣ እዘዙ።

እንዲህ ላለው እጅ የነበረን ንቀት የቆየ ነው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ብረት ሠሪውን ጠይብ እያሉ ማዋረድ አገሩን ያለ ሠራተኛ እንደሚያስቀር አይተው ነው። ያ ንቀት ዛሬ በስድብ አይገለጥም፤ ባለመጠየቅ ይገለጣል። ልጆቻችንን ምን ልትማሩ ነው ብለን ስንጠይቅ ይህ ሥራ በዝርዝራችን ውስጥ የለም።

የጋሼ ሞተር በሸክም ሲነሣ እጄን አካሉ ላይ እንዳደርግ ፈቀዱልኝ። የንዝረት መለኪያው በሰከንድ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች አነበበ፤ አምፔሩ በሦስቱም ፌዝ ተቀራራቢ ነበር። ጋሼ ቁጥሮቹን ሁሉ፣ የሺሞቹን ውፍረት በየእግሩ፣ ቀኑን፣ የክፍሉን ሙቀት በወረቀት ጽፈው ወረቀቱን በፕላስቲክ ሸፍነው ከሞተሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ከዚህ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ከእግሩ ሥር ያለውን ሳይፈታ ያውቀዋል። ጥሩ ሥራ ምን እንደሆነ ከተጠየቅሁ ያን ወረቀት አሳያለሁ።

በዚህ አካባቢ ሙያውን ለመማር በሩ ክፍት ነው። የኦፕሬቲንግ ኢንጂነሮች ማኅበር ሎካል 99 በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሕንፃ ማሽን ሠራተኞችን ያቀፈ ነው፤ እየሠሩ የሚማሩበት የልምምድ መርሐ ግብርም አለው። በስካይላይን፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ በእጁ ነገር መፍታትና መግጠም የሚወድ ከሆነ ስለዚህ መንገድ ጠይቁለት። እናንተ ደግሞ በየፓምፕ ክፍሉ ያላችሁ አንጋፋዎች፣ ጡረታ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ወጣት አጠገባችሁ አቁሙ፤ ዳያል ጌጁን ስጡትና ራሱ ያንብብ።